የሚገባውን ብቻ ሳይሆን የሚወጣውንም፦ "ለቤት ኮምፒውተር አያስፈልግም" ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። "ሁልጊዜ ስለምትጨቀጭቀን ነገር ነው፣ እስቲ አንብበው" አለኝ። አነበብኩት። ደግሜም አነበብኩት።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይሄ ነው። ከቤት ኮምፒውተር ወደ ውጭ የሚወጣን ግንኙነት መከታተልና መዝጋት ትርፉ ድካም ነው ይላል። አንደኛ፣ ቫይረሱ ከገባ በኋላ መውጫውን መዝጋት "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ነው። ሁለተኛ፣ ዊንዶውስ የራሱ ፋየርዎል (የኮምፒውተሩን ግንኙነት የሚፈቅድና የሚከለክል ፕሮግራም) አለው፤ እሱና አንቲቫይረስ ይበቃሉ። ሦስተኛ፣ የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው ምን አስጨነቀው? አራተኛ፣ መውጫ የዘጋ ሰው አፕዴቱን አቋርጦ ኮምፒውተሩን ያበላሻል። አምስተኛ፣ ተራ ሰው የሚመጣለት ጥያቄ ስለማይገባው ሁሉንም "ፍቀድ" ብሎ ያልፈዋል።

ጸሐፊው ሙያውን የሚያውቁ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። የምስማማባቸው ነገሮች አሉ፤ እነሱንም እናገራለሁ። ግን ብዙ ሰው "እፎይ፣ አያስፈልግም ማለት ነው" እያለ ጽሑፉን ሲያጋራው ሳይ ዝም ማለት አልሆነልኝም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁለተኛው ነጥብ ልጀምር። ትልቁ ስህተት እዚያ ነው ያለው።

የዊንዶውስ ፋየርዎል ጥሩ ነገር ነው። ማንም ሳይነካው በራሱ እንዲበራ የተደረገው በ2004፣ ሰርቪስ ፓክ 2 የተባለው የዊንዶውስ ኤክስፒ ማሻሻያ ሲወጣ ነው። ብላስተርና ሳሰር የሚባሉትን ትሎች፣ ማለትም ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በራሳቸው የሚዛመቱ ክፉ ፕሮግራሞች፣ የሚያስታውስ ሰው ከዚያ በፊት የነበረውን ጣጣ ያውቀዋል። ነገር ግን ይሄ ፋየርዎል በዋናነት የሚጠብቀው የሚገባውን ነው። የሚወጣውን በደንብ መቆጣጠር የተቻለው ከኤክስፒ በኋላ ከመጣው ዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ነው። ዛሬም ዊንዶውስ 11 ላይ፣ ለይቶ የሚከለክል ደንብ ካልተጻፈለት፣ የሚወጣውን ሁሉ ዝም ብሎ ያሳልፋል። ማን ነህ፣ ወዴት ነህ አይልም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አዲስ ፕሮግራም ስትከፍቱ አንዳንዴ ፋየርዎሉ የፕሮግራሙን አንዳንድ ነገሮች እንዳገደ የሚናገር መስኮት ብቅ ይላል። "አላው" እና "ካንስል" የሚሉ ቁልፎች አሉት። "ካንስል" ያለ ሰው ፕሮግራሙን ከኢንተርኔት የቆረጠው ይመስለዋል። አልቆረጠውም። መስኮቱ የሚጠይቀው ፕሮግራሙ ከውጭ የሚመጣበትን ግንኙነት ይቀበል ወይስ አይቀበል ብሎ ነው። ካንስል ከተባለ በኋላም ያው ፕሮግራም ራሱ ተነስቶ ኢንተርኔት ላይ ያለ የፈለገው ኮምፒውተር (ሰርቨር) ዘንድ መሄድ ይችላል። እኔ ራሴ ለዓመታት ይሄን አላውቅም ነበር። ዘግቻለሁ ብዬ ስተኛ የኖርኩበት በር ክፍት ነበር።

መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። በር ላይ ያለው ጥበቃ ስትገቡ ይፈትሻችኋል። ላፕቶፕ ይዛችሁ ስትወጡ ደግሞ የንብረት መውጫ ወረቀት ይጠይቃል። ወረቀቱ ከሌለ ኃላፊም ብትሆኑ ትመለሳላችሁ። "መግቢያው ላይ ከተፈተሸ መውጫው ላይ ምን ያደርጋል" ብሎ የሚከራከር ሰው አላየሁም። ንብረት የሚጠፋው በመውጫው ነዋ።

"አንቲቫይረስ ይበቃል" ለሚለው ደግሞ አንድ ጉዳይ ልጥቀስ። አቫስት በዓለም ላይ በጣም ከታወቁት አንቲቫይረሶች አንዱ ነው። የደንበኞቹን የኢንተርኔት አሰሳ መረጃ ይሰበስብና በሥሩ ባለ ጃምፕሾት በሚባል ኩባንያ በኩል ይሸጥ ነበር። ነገሩ ሲጋለጥ በ2020 መጀመሪያ ላይ ጃምፕሾት ተዘጋ። በ2024 የአሜሪካው ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አደረገው። ጠባቂው ራሱ ከግቢው ዕቃ ሲያወጣ ነበር ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር መውጫውን የሚከታተል ሰውም ይሄንን በቀላሉ አይለየውም ነበር። አንቲቫይረስ ወደ ራሱ ሰርቨር መሄዱ የሚጠበቅ ነውና። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ አንድ ጠባቂ አለኝና ሌላ ማየት አያስፈልገኝም ማለት አያዋጣም።

ደግሞ አንቲቫይረስ የሚፈልገው ቫይረስ ነው። ቫይረስ ያልሆነ ግን እናንተ ያልፈለጋችሁት ነገር አይመለከተውም። ይሄን ያየሁት በዓይኔ ነው።

ሰፈራችን ውስጥ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። ላፕቶፓቸውን የሚጠቀሙት ከስልካቸው ሆትስፖት አብርተው ነው። አንድ ቀን መንገድ ላይ አገኙኝና "ልጄ፣ የወር ፓኬጄ በሳምንት እያለቀ ተቸገርኩ፤ እኔ እኮ ጋዜጣ ከማንበብ ሌላ የማደርገው የለም" አሉኝ። ቤታቸው ሄድኩ። አንቲቫይረሳቸውን ከፈትን። አረንጓዴ ምልክት፣ ሁሉ ሰላም። "አረንጓዴ ነው እኮ" አሉኝ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው።

ከዚያ ሪሶርስ ሞኒተርን ከፈትኩ። ዊንዶውስ ውስጥ ድሮም ያለ ነው፣ አይጫንም። መፈለጊያው ሳጥን ላይ ስሙን ስትጽፉ ይመጣል። "ኔትወርክ" የሚለውን ስትነኩ በዚያች ቅጽበት ከኢንተርኔት ጋር እያወሩ ያሉ ፕሮግራሞች በስም ይደረደራሉ። አንዱ ዓምድ በሰከንድ ስንት ባይት እየላኩ እንደሆነ ያሳያል። ሌሎቹ ሁሉ ዜሮ ወይም ጥቂት መቶ ናቸው። አንዱ ብቻ ወደ 90,000 ይላል። ብሮውዘር አልተከፈተም። ምንም አልተከፈተም።

ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩት። እስክሪብቶ አነሱ። ያገኙት ወረቀት ጀርባ ላይ 90,000 በ3,600 አባዙ። "ሦስት መቶ ሃያ አራት ሚሊዮን" አሉ። ቀጥለው "በሰዓት?" ብለው ቀና ብለው አዩኝ።

"አዎ ጋሼ። በሰዓት ከ300 ሜጋባይት በላይ።"

"እና ይሄ ሁሉ የሚሄደው ወዴት ነው?"

የቶረንት ፕሮግራም ነበር። ላፕቶፑን የሸጠላቸው ልጅ ፊልም ሊያወርድላቸው ብሎ ጭኖታል። ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር አብሮ ይነሳል። አንዴ የወረዱትን ፊልሞች ለማያውቋቸው ሰዎች ቀኑን ሙሉ ሲያድል ይውላል። የቶረንት አሠራሩ ነው፤ ያወረደ ያካፍላል። ቫይረስ አይደለም። አንቲቫይረሱ ዝም ማለቱም ስህተት አይደለም። ግን የጋሼ የጡረታ ብር በዚያች መስመር እየፈሰሰ ነበር። ያልተገደበ መስመር ላለው ሰው ይሄ ጨዋታ ሊመስለው ይችላል። በፓኬጅ ለሚኖር ሰው የሚወጣ ባይት ሁሉ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ጽሑፉ ይሄን ጨርሶ አላነሳውም።

አሁን ወደ ጅቡ።

ተረቱ ጥሩ ነው፣ ቦታው ግን እዚህ አይደለም። ጅቡ ገና አልሄደም። ክፉ ፕሮግራም ሲገባ ሥራውን አልጨረሰም። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሩ ነው። ትዕዛዝ ለመቀበል ወደ ላኪው ይደውላል፣ ቀሪውን የራሱን ክፍል ያወርዳል፣ ያገኘውን ይልካል። ይሄ ሁሉ በመውጫው በር ነው የሚያልፈው።

በ2017 የሆነውን እንመልከት። ሲክሊነር የሚባለውን የኮምፒውተር ማጽጃ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። በየኮምፒውተር ቤቱ፣ በየኢንተርኔት ካፌው የነበረ ነው። በዚያ ዓመት ኦገስት ላይ 5.33 የተባለው ሥሪቱ ሲወጣ ውስጡ የተደበቀ ክፉ ኮድ ነበረበት። ሰዎች ከስርቆት ድረ ገጽ አይደለም ያወረዱት። ከራሱ ከአምራቹ፣ ትክክለኛው ዲጂታል ፊርማ ያለበትን ነው የወሰዱት። ለአንድ ወር ገደማ ማንም ሳያውቀው ወደ 2.27 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች ገባ። የኮምፒውተሩን ስምና የተጫኑትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ለቅሞ ወደ አንድ ሰርቨር ይልካል። ላኪዎቹ ዝርዝሩን አይተው የፈለጉትን መረጡ። ሁለተኛውን፣ ከባዱን ክፍል የላኩት ወደ 40 ለሚሆኑ የትልልቅ ኩባንያ ኮምፒውተሮች ብቻ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ፊርማው ትክክል፣ ምንጩ ትክክል፣ አንቲቫይረሱ ዝም። የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ዲስክ የሚያጸዳ ፕሮግራም ኢንተርኔት ምን ይሠራለታል? ይሄን ጠይቆ መውጫውን የዘጋበት ሰው ኮዱ ቤቱ ቢገባም ዝርዝሩ ከቤቱ አልወጣም። የጎረቤት ሌባ ቢያዩት ይስቅ፣ ባያዩት ይሰርቅ ይባል የለ? ጥሩ ስም ያለው ፕሮግራም ላይ ያለኝ ስጋት ከዚህ ነው የሚመጣው።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የሚገባቸውን ልስጥ። የኮምፒውተሩን ሙሉ ሥልጣን የያዘ ክፉ ፕሮግራም ፋየርዎሉን ራሱን ማጥፋት ይችላል። በብሮውዘሩ ውስጥ ተደብቆ በተፈቀደው መንገድ መውጣትም ይችላል። ይሄ እውነት ነው። እንዲያውም ያላነሱት ጠንካራ ማስረጃ አለላቸው። በ2017 ሜይ ላይ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተባለ ትል ዓለምን ሲያምስ፣ ፋይል መቆለፍ ከመጀመሩ በፊት አንድ የድረ ገጽ አድራሻ ይሞክር ነበር። አድራሻው ከመለሰለት ይቆማል። አንድ ወጣት ባለሙያ አድራሻውን ሲያስመዘግበው ትሉ ተገታ። መውጫው በጭፍን የተዘጋበት ኮምፒውተር ግን ያንን አድራሻ አያገኘውም፤ ስለዚህ ትሉ ሥራውን ይቀጥላል። ሁሉን ዝጉ የሚል ሰው ይሄን ማወቅ አለበት።

ሌላም ልጨምር። ፋየርዎል የሚሠራው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እስከፈቀደለት ድረስ ነው። አፕል በ2020 ቢግ ሰር የተባለውን የማክ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሥሪት ሲያወጣ፣ ወደ 50 የሚሆኑ የራሱ ፕሮግራሞች እንደ ሊትል ስኒች ያሉ ተቆጣጣሪዎችን አልፈው እንዲወጡ አድርጎ ነበር። ተቆጣጣሪው አያያቸውም። ይሄንን ያወቁት የሚወጣውን ሲመለከቱ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ጮኹ። በ2021 መጀመሪያ ላይ አፕል አሠራሩን አነሳው። ውሻው የጮኸው ጅቡ ሳይሄድ ነበር፤ ጩኸቱም ለውጥ አመጣ።

ስለዚህ ከጸሐፊው ጋር የምንለያየው እዚህ ጋ ነው። እሳቸው ጠቅላላውን ነገር የሚመዝኑት "ቫይረስ ያስቆማል ወይስ አያስቆምም" በሚለው ነው። ለእኔ ዋናው ማየቱ ነው፤ መዝጋቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ከቤቴ ማን እንደሚወጣ፣ ምን ያህል እንደሚወስድ፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ ማወቅ የቤቱ ባለቤት ጉዳይ ነው።

"የምደብቀው የለኝም" የሚለው አነጋገር ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። የቤት ኮምፒውተር የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አያውቅም። እስቲ የራሳችሁን ክፈቱና ፎልደሮቹን እዩ። የወንድማችሁ የዲቪ ፎቶ አለ። ቤይሩት ወይም ዱባይ ያለችው እህታችሁ "አስቀምጭልኝ" ብላ የላከችው ፓስፖርት ስካን አለ። የእናታችሁ የሕክምና ውጤት፣ የጎረቤት ልጅ ሲቪ አለ። እናንተ የምትደብቁት ባይኖራችሁም በአደራ የያዛችሁት አለ።

ደግሞ ይሄ ነገር ከእኛ የራቀ አይደለም። በ2014 አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ፣ የሜሪላንድ ነዋሪ፣ ኪዳኔ በሚል ስም የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ዲሲ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ክሱ እንደሚለው አባሪ ሆኖ የመጣ የዎርድ ፋይል ሲከፈት ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ቤቱ ያለው ኮምፒውተር ላይ ተጭኗል። ለወራት የስካይፕ ጥሪዎቹን ሲቀዳና የቤተሰቡን የኢንተርኔት አጠቃቀም ሲከታተል ቆይቷል፤ የተቀዳውም ኢትዮጵያ ውስጥ ወዳለ ሰርቨር ይላክ ነበር። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ በ2013 ባወጣው ጥናት የፊንስፓይ መቆጣጠሪያ ሰርቨር በኢትዮ ቴሌኮም አድራሻ ላይ ማግኘቱን ገልጾ ነበር። ክሱ በ2017 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ላይ ወደቀ። ፍርድ ቤቱ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ አልተፈጸመም ስላለ ነው፤ ስለላው ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም የሚለው ዋና ጭብጥ ሳይታይ ቀረ።

ያ ሰው የሚወጣውን የሚያሳይ ፕሮግራም ቢኖረው ኖሮ በእርግጠኝነት ይተርፍ ነበር ብዬ አልምልም። ፊንስፓይ እንዲደበቅ ተደርጎ የተሠራ ውድ ዕቃ ነው። ግን እዩት፤ ዱካውን ያሳወቀው መረጃው የሚሄድበት አድራሻ ነው። በመጨረሻ ሌባውን ያጋለጠው የመውጫው መንገድ ነው።

አራተኛው ነጥብ ላይ ብዙ አልቆይም። አፕዴት ይቋረጣል የሚለው የሚሆነው ያለ ማስተዋል ሲዘጋ ነው። ኤስቪሲሆስት የሚል ስም ስታዩ አትንኩት። ብዙ የዊንዶውስ አገልግሎቶች በሱ ስም ነው የሚወጡት፤ አፕዴቱም፣ የአድራሻ መፈለጊያውም፣ የሰዓት ማስተካከያውም። አፕዴቱ ፓኬጅ እንዳይጨርስ ከፈለጋችሁ መዝጋት አያስፈልግም። የዋይፋዩ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ "ሚተርድ ኮኔክሽን" የሚለውን አብሩት፤ ዊንዶውስ ትልልቁን ማውረድ ይቀንሳል። "ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን" የሚለውንም እዩት። ኢንተርኔት ላይ ላሉ ሌሎች ኮምፒውተሮችም እንዲያካፍል ተመርጦ ከሆነ ያወረዳችሁትን አፕዴት በእናንተ ዳታ ለሌላ ሰው ያድላል። አጥፉት።

አምስተኛው ላይ ጸሐፊው ግማሽ ልክ ናቸው። በየደቂቃው "ልፍቀድ? ልከልክል?" የሚል ፕሮግራም ሰው ያሰለቻል። የሰለቸ ሰው ደግሞ ሁሉን ይፈቅዳል። ስለዚህ እንዲህ አታድርጉ። የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም አትዝጉ። እዩ ብቻ። ሴቲንግ ውስጥ "ኔትወርክ"፣ (ዊንዶውስ 11 ላይ "አድቫንስድ ኔትወርክ ሴቲንግስ")፣ ከዚያ "ዳታ ዩሴጅ" ብትገቡ እያንዳንዱ ፕሮግራም በ30 ቀን ስንት እንደበላ ይነግራችኋል። ስሙን የማታውቁት ወይም ኢንተርኔት ምን እንደሚሠራለት የማይገባችሁ ሲገኝ ብቻ ቁጭ ብላችሁ አጣሩት። ይውጣ ካላላችሁ የፋየርዎሉን "አድቫንስድ ሴቲንግስ" ክፈቱ። "አውትባውንድ ሩልስ"፣ "ኒው ሩል"፣ "ፕሮግራም"፣ ፋይሉን መምረጥ፣ "ብሎክ"። በቃ። የሆነ ነገር ከተበላሸ ደንቡን ማጥፋት ነው።

ከዚህ በላይ ለሚፈልግ ታይኒዎል አለ። በጥያቄ አያሰለችም፤ ያልፈቀዳችሁትን ዝም ብሎ ይዘጋል። ግላስዋየር በግራፍ ያሳያል። ማክ ላለው ሉሉ በነጻ ነው፣ ሊኑክስ ላለው ኦፕንስኒች አለ፣ አንድሮይድ ስልክ ላይ ደግሞ ኔትጋርድ ያለ ሩት፣ ማለትም የስልኩን ሙሉ ሥልጣን መክፈት ሳያስፈልግ፣ ይሠራል። አደራ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። እነዚህን ከአምራቾቻቸው ገጽ አውርዱ። ክራክ ተደርጎ በቴሌግራም የሚዞር ፋየርዎል አትጫኑ። ቁልፉን ለማታውቁት ሰው መስጠት ነው።

"ተራ ሰው አይገባውም" የሚለው ግን አልዋጥልህ አለኝ። ጋሼ ባለፈው ቅዳሜ ደወሉልኝ። በየሳምንቱ ሪሶርስ ሞኒተርን ከፍተው ስሞቹን ደብተር ላይ ይጽፋሉ።

"አንድ የማላውቀው ስም መጥቷል" አሉኝ። ፊደል በፊደል አነበቡልኝ።

"ጋሼ፣ እሱ የፕሪንተሩ አፕዴት ፈላጊ ነው። ችግር የለውም።"

"ፕሪንተሩን እኮ አምና ለቀበሌው ቤተ መጻሕፍት ሰጥቼዋለሁ።"

"እንግዲያው መዝጋት ይችላሉ።"

"ቆይ፣ ስልኩን እንዳትዘጋው።" ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ተማሪ ፊት እንደቆሙ ሁሉ፣ እያነበቡ ቀጠሉ፤ "አውትባውንድ... ኒው ሩል... ፕሮግራም... ብሎክ።"